ሐኪም ቤት ስለ መኖሪያ ለምን ይጠይቃል?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ጦር ያገለገለው ወንድሜ ለደም ግፊት ክትትል የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሄዶ ስለ መኖሪያው ተጠየቀ። የጓደኛው ሶፋ ላይ እያደረ፣ አፍሮ «ችግር የለም» አለ። አሁን ምን ያድርግ?
ከሜሪላንድ

መልስ፦ መልሱን ማስተካከል ይችላል። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ተመላላሽ ታካሚዎቹን ባለፉት 2 ወራት አስተማማኝ መኖሪያ እንደነበራቸው፣ በሚቀጥሉት 2 ወራትም ያንኑ እንዳያጡ ይሰጉ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጥያቄው ጎዳና ላይ ያደረውን ብቻ ሳይሆን ሊወድቅ የተቃረበውንም ለማግኘት የታሰበ ነው። ጥያቄው በችኮላ ሲነበብ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ይሉኝታ የያዘው ሰው እውነቱን አያወጣም። ወንድምዎ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳይጠብቅ የሆስፒታሉን የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ያነጋግር፤ ወይም ቤት ላጡ ወይም ሊያጡ ለተቃረቡ የቀድሞ ወታደሮች ሌት ተቀን በሚሠራው የመሥሪያ ቤቱ የስልክ መስመር 877-424-3838 ይደውል። እንደ ሁኔታው ለኪራይ ድጎማ ሊታጭ ይችላል።