ከትከሻቸው ኋላ ተመልከቱ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ኮምቦልቻ ውስጥ፣ በፎቶ ቤት ነው። ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ሾፌር አንስቻለሁ። አሁን ካሜራውን ሰቅዬ የሰው አልበም ማገላበጥ ይዣለሁ።

አሮጌ ፎቶ ስታዩ ፊት ብቻ አትዩ። አያታችሁ በወጣትነታቸው እንዴት ያምሩ እንደነበር ካደነቃችሁ በኋላ ከትከሻቸው ኋላ ተመልከቱ። በኔ ጊዜ ቦርከና ድልድይ ላይ ፎቶ ያልተነሳ ጎረምሳ ማግኘት ይከብዳል። እነዚያን ፎቶዎች ጎን ለጎን ደርድሯቸው። ወንዙ እስከ የት ይሰፋ እንደነበር፣ ዳሩ ላይ ምን ዛፍ እንደነበረ፣ የቱ ቤት ቀድሞ እንደተሠራ ታያላችሁ። ቀን ያልተጻፈበትም ፍንጭ አያጣም። ከኋላ ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ጭነት መኪና ቆሞ ከታየ ፎቶው ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተነሳ ነው፤ ያ መኪና በ1928 ዓ.ም. ገና አልተሠራም። በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ ከዚህ ስለሚነሳ ደግሞ የጭነት መኪና በየፎቶው አይጠፋም።

የደሴው ነገር ይገርመኛል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ ጃንሆይም የውጭ ጋዜጠኞችም እዚያው ነበሩ። የዚያ ቀን ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ጥሩ ነው፤ ግን ጋዜጠኞቹ የመጡት ለጦርነቱ ነው። የሰኞ ገበያን ግርግር፣ የሰፈር ሠርግ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች በዒድ ቀን አንድ መደብ ላይ ተጠጋግተው የተነሱትን ማን ያንሳልን? እሱ ያለው እናንተ ቤት፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ካርቶን ውስጥ ነው።

ፎቶውን ይዛችሁ ትልልቅ ሰዎች ዘንድ ሂዱ። «ይሄ ማነው?» ብቻ ካላችሁ ስም ነግረዋችሁ ዝም ይላሉ። «ይሄ የማን በር ነው?» በሉ፤ ያኔ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ መንደሩን በሙሉ ትሰማላችሁ። የሰማችሁትን ከፎቶው ጀርባ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ። እስክሪብቶ አታስነኩት፣ ይሰርጻል። ዘመን ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ለዩ፤ አለዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛነፍባችኋል።

ያ ሁሉም የሚወደው ሙጫ ገጽ ያለው አልበም የፎቶ ጠላት ነው። የተጣበቀውን ግን በጉልበት አትላጡ፤ ከነገጹ ስካን አድርጉት፣ የስካኑ ጥራት 600 ዲፒአይ ከሆነ ይበቃል። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይወርዳል።

አንድ ቅጂ ደግሞ አንድ ቤት ብቻ አታስቀምጡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም እንኳ ተዘርፏል። ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ። ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ ግን ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ። ለእናንተ ታሪክ የሆነችው ቆንጆ የሰው እናት ናት።