ዲስክ ነው ተብዬ ፊዚዮቴራፒ ታዘዘልኝ፤ ልሂድ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 46 ዓመቴ ነው፤ የምተዳደረው በሹፍርና ነው። ሕመሙ ከወገቤ ይነሳና በመቀመጫዬ አድርጎ እስከ ግራ እግሬ አውራ ጣት ይነዝረኛል። ሁለት ወር ሆነኝ። ኤምአርአይ ተነስቼ «ዲስክህ ወጥቷል» ተባልኩ። ኦፕራሲዮን ይሉኛል ብዬ ስፈራ ፊዚዮቴራፒ ጻፉልኝ። ያው ማሸት ነው ብዬ ቀረሁ። ማሸት ነርቭ ያድናል? ባለቤቴም ጉልበቷን ያማታል፤ ይዣት ልሂድ?

መልስ፦ ይሂዱ። ማሸት የፊዚዮቴራፒ ትንሿ ክፍል ናት፤ ለእርስዎ ጭራሽ ላትታዘዝም ትችላለች።

ስለ ኤምአርአዩ ብዙ አይጨነቁ። በእርስዎ ዕድሜ ምንም የማያማቸው ሰዎች ቢነሱ እንኳ ግማሽ ያህሉ ዲስካቸው፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ፣ ወጣ ብሎ ይታያል። የእርስዎ ለየት የሚለው የነርቩን ሥር ስለነካና ስላስቆጣው ነው። እስከ አውራ ጣት መንዘሩ ብዙ ጊዜ አምስተኛው የወገብ ነርቭ መነካቱን ይጠቁማል። ደግነቱ፣ የወጣውን ዲስክ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠዋል። አብዛኛው ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ኦፕራሲዮን ይሻለዋል። ፊዚዮቴራፒው እስከዚያ ነርቩ እንዳይቆጣ፣ ጡንቻዎም እንዳይሰንፍ ያደርጋል።

መጀመሪያ ቀን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎቹ በተረከዝዎ፣ ከዚያ በጣቶችዎ ያስኬዱዎታል። አውራ ጣትዎን ወደ ላይ እንዲያነሱ ነግረው በእጃቸው ይጫኑታል፤ የነርቩን ጉልበት የሚለኩት እንዲህ ነው። ቀጥሎ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚስማማዎ ይፈትሻሉ። ለብዙ የዲስክ ሕመምተኞች የሚስማማው በሆድ ተኝቶ፣ ዳሌን ከመሬት ሳያነሱ፣ በእጅ እየገፉ ደረትን ቀና ማድረግ ነው። አሥር ጊዜ ያህል ይደጋግሙታል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ሕመሙ ከጣትዎ ለቆ ወደ ባት፣ ከባት ወደ መቀመጫ ከተሰበሰበ፣ ወገብዎ ትንሽ ቢብስበት እንኳ ጥሩ ምልክት ነው። ወደ እግር እየወረደ ከሄደ ግን ያቁሙና ለባለሙያው ይንገሩ። ያ እንቅስቃሴ የእርስዎ አይደለም።

ሙቀቱም የኤሌክትሪክ ማሽኑም ለጊዜው ያስታግሳሉ፤ አልቃወምም። ግን ማሽን ላይ ተኝተው ብቻ የሚመለሱ ከሆነ «የቤት ሥራዬስ?» ብለው ይጠይቁ። የሚያድንዎ በሳምንት ሁለቴ እዚያ የሚሠሩት ሳይሆን በየቀኑ ቤትዎ የሚሠሩት ነው።

አልጋ ላይ አይዋሉ፤ የቻሉትን ያህል ይራመዱ። ሲነዱ ቦርሳዎን ከኋላ ኪስ ያውጡ፣ ፎጣ ጠቅልለው ወገብዎ ላይ ያድርጉ፣ በየሰዓቱ ወርደው ትንሽ ይንቀሳቀሱ። ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ በራስዎ እየገዙ መወጋት ጨጓራም ኩላሊትም ይጎዳል። ወጌሻ ጋ ሄደው ወገብዎን ማስረገጥማ በፍጹም!

ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠዎት፣ ብልትዎና መቀመጫዎ ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ወይም እግርዎ ዝሎ ሲራመዱ ጣቶችዎ መሬት ከጎተቱ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እዚያ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለም እንቅስቃሴ ከመጀመርዎ በፊት ይመርመሩ። የአከርካሪ ቲቢ አገራችን ውስጥ ዛሬም አለ።

የባለቤትዎ ጉልበት ካበጠና ከጋለ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። አለዚያ በዕድሜ የሚመጣ የመገጣጠሚያ መሸርሸር ከሆነ፣ ከሁሉ የሚረዳት የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ትዘርጋ፣ አምስት ሰከንድ ይዛ ቀስ ብላ ታውርድ። ክብደት ካላት ትቀንስ፤ አንድ ኪሎ ስትቀንስ ጉልበቷ በእያንዳንዱ እርምጃ አራት ኪሎ ያህል ይቀልለዋል። ይዘዋት ይሂዱ፤ ካርድ ግን ለየብቻ አውጡ። የእርስዎን እንቅስቃሴ አይታ ቤት ውስጥ እንዳትሠራ፣ እርስዎም የእሷን።