«ሥልጠናው ያልፋል፣ ክፍሉ ግን ያው ነው» ላልሽው

እህቴ፣ ለገጣፎ አካባቢ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ስታስተምሪ ሁለተኛ ዓመትሽ እንደሆነ ጽፈሻል። ክረምቱን ሠልጥነሽ መስከረም ላይ ስትመለሺ ቤተ ሙከራው እንደተቆለፈ፣ ልጆቹም ሂሳብና ፊዚክስን እንደፈሩ አግኝተሽ «በእውነት የሚጠቅመው የትኛው ድጋፍ ነው?» ብለሻል። እኔ በዚያው መስመር ከሃያ ዓመት በላይ አስተምሬያለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

በ1997 ፕላዝማው፣ ማለትም የክፍል ቴሌቪዥኑ፣ ሲገባ በሳተላይት የሚመጣው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ልጁ ሳይጨብጠው ያልፋል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከነአካቴው ይቀራል። ቀጥሎ በዓመት 60 ሰዓት የሚጠይቀው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መጣ። የሠራነውን የምናስቀምጥበት ማህደር ወፈረ እንጂ አስተማሪነቴ ብዙ አልተለወጠም። በ2003 በጃፓን ድጋፍ የተጀመረው የሂሳብና ሳይንስ ሥልጠና ግን ሐሳቡ ልብ ላይ የሚቀር ነበር፦ ተማሪው በእጁ ይሥራ፣ ዕቃ ከሌለ ከአካባቢ ይፈለግ፣ የታቀደው ትምህርት በሌላ መምህር ይታይና ይታረም። እኔን የለወጠኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። በጉድኝት ማዕከላችን ያሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን ተራ በተራ እርስ በርሳችን ክፍል እየገባን መተያየት ጀመርን።

የእኔ ተራ ሲደርስ ስለ መፍላት ነበር የማስተምረው። ውሃ ጥጄ፣ ቴርሞሜትር ከትቼ፣ «100 ሲደርስ ይፈላል» አልኩ። ውሃው ተንተከተከ፣ ቴርሞሜትሩ ግን 92 አካባቢ ቆመ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ፈልቷል፤ 92 ነው የሚለው» አለኝ። «ዕቃው ተበላሽቷል፣ 100 ብላችሁ ጻፉ» ብዬ አለፍኩ። ልጁ የጻፈውን ሰረዘ።

ከኋላ የተቀመጠው የጎረቤት ትምህርት ቤት ባልደረባዬ በተማሪ ፊት ምንም አላለም። ሻይ ላይ ለብቻችን ስንሆን ቀስ ብሎ «እኛ እኮ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር» አለኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጽሐፉን አውቀዋለሁ፣ ከፍታና ግፊትም ተምሬያለሁ፤ ያን ልጅ ግን በዓይኑ ያየውን እንዳያምን ያደረግኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ በሁሉም ፊት ልክ እንደነበረ ነገርኩት። «አዳማ ቢሆንስ ስንት ላይ ይፈላል?» ብለው ሲከራከሩ ደወል ተደወለ፣ ግን ማንም አልተነሳም። የትኛውም የአዳራሽ ሥልጠና ያን ስህተቴን ሊያይልኝ አይችልም ነበር።

ቤተ ሙከራው እስኪከፈት አትጠብቂ። አንድ ሜትር ክር ላይ ድንጋይ አስረሽ አንጠልጥይ፤ 20 ጊዜ ደርሶ መልስ ሲወዛወዝ 40 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በስልክ ሰዓት ለክተው «ጂ»ን፣ የምድር ስበት ፍጥንጥነትን፣ ራሳቸው ሲያሰሉ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ አካባቢ ያገኛሉ። በደንብ ያልለካው ቡድን ቁጥሩ ለምን እንደራቀ ይፈልግ፤ መልሱን አትንገሪያቸው።

ሌላው ቋንቋ ነው። ያንቺ ክፍል ውስጥ እስከ ስምንተኛ በአፋን ኦሮሞ የተማረና ከአዲስ አበባ በኩል መጥቶ ከሰባተኛ ጀምሮ ሳይንስን በእንግሊዝኛ የተማረ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ዝም ያለው ልጅ ሐሳቡን ሳይሆን ቃሉን አጥቶት ሊሆን ይችላል። በራሱ ቋንቋ ያስረዳሽ፤ ቃሉን ከዚያ በኋላ ስጪው።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሲሆኑ ሁሉም ወደ 12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ሮጠ። ከፍቶኝ ነበር። ክፍተቱ የሚጀምረው ሰባተኛና ስምንተኛ፣ ክፍልፋይና ምጣኔ ላይ ነው፤ ዘጠነኛ ላይ አንቺ የምትቀበዪው ያንን ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ሲመጣ የሙከራ ዕቃ ብቻ አትጠይቂው። ያንቺና የቅርቡ ትምህርት ቤት ፊዚክስ መምህራን እንድትተያዩ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት ክፍለ ጊዜ እንዳይያዝባችሁ ፕሮግራም ሲወጣ ጀምሮ ያስይዝላችሁ። የእኛ መተያየት የቆመው ገንዘብ አልቆ ሳይሆን፣ አዲስ ርዕሰ መምህር መጥቶ ዓርብ ከሰዓትን በትምህርት ስለሞላብን ነው።