የገና መጠጥ በማር፣ በሎሚና በዝንጅብል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ ናቸው፣ ሁሉም ደግሞ ለገናና ለጥምቀት ቤት ውስጥ መጠጥ ስለመቀላቀል ነው የሚጠይቁት። ከደጋም ከቆላም ስለመጡ አንድ መልስ ለሁሉ አይሆንም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ነፍስ የሚዘራው መጠጥ ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ ነው የሚያስመጣው፣ ስለዚ አንድ በአንድ እንሂድ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ዘንድሮ ለገና ቤተሰቡ በሙሉ እኛ ቤት ነው የሚሰበሰበው፣ ከአዲስ አበባ የምትመጣው እህቴ ደግሞ ኮክቴል ስሪልን እያለች ነው። እኔ የውጭ መጠጥ፣ ሼከር የሚሉት የኮክቴል መነቅነቂያ ምናምን የለኝም፣ ለመግዛትም አቅሙ የለኝም። ብርዱን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በዚ ውርጭ በረዶ የገባበት ነገር ማን ይጠጣል? ቤት ባለው ነገር ምን ላርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም የውጭ ነገር አትግዢ። ኮክቴል ስሙ ነው የሚያስፈራው እንጂ ነገሩ ጠንካራ መጠጥ፣ ጎምዛዛ ነገርና ጣፋጭ ነገር በልካቸው ሲገናኙ ማለት ነው፣ አረቄ፣ ሎሚና ማር ካለሽ ሶስቱም እጅሽ ላይ ናቸው። ባርማኖች ይሄን አይነቱን ሳወር ይሉታል፣ የተለመደው ልክ ሁለት እጅ መጠጥ፣ አንድ እጅ ጎምዛዛ፣ አንድ እጅ ጣፋጭ ነው፣ ስለዚ ለአንድ ሰው አንድ መለኪያ አረቄ፣ ግማሽ መለኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ መለኪያ የማር ውሃ ይበቃል። ማሩን ግን እንዳለ እንዳትጨምሪው፣ በናንተ ብርድ ብርጭቆው ስር ሄዶ ይረጋና የላዩ ኮምጣጣ የስሩ ማር ብቻ ይሆናል፣ አንድ ሲኒ ማር በአንድ ሲኒ ለብ ያለ ውሃ አሟሙተሽ በጠርሙስ አስቀምጪው፣ ከዛ እየለኩ መጨመር ነው። ለሼከሩ ደግሞ ክዳኑ የሚገጥም የማርማላታ ብልቃጥ በቂ ነው።

ግን እኔ ብሆን ለገና ትኩሱን ነው የማቀርበው። ለ6 ሰው አንድ ሊትር ውሃ ጣጂ፣ አውራ ጣት የሚያክል ዝንጅብል ወቅጠሽ፣ አንድ ስንጥር ቀረፋና 4 ፍሬ ቅርንፉድ ጨምረሽ 10 ደቂቃ አፍዪው፣ ቅርንፉዱን አታብዢ፣ ከበዛ አፍ ያደነዝዛል ሌላውን ጣዕም በሙሉ ይውጠዋል። ከዛ ከእሳት ይውረድ። ከወረደ በኋላ ነው 4 የሾርባ ማንኪያ ማርና የ2 ሎሚ ጭማቂ የሚገባው፣ አረቄው 6 መለኪያ መጨረሻ ላይ። ይሄ ቅደም ተከተል ዝም ብሎ አይደለም። ውሃ በባህር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች እናንተ ጋ 91 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይንተከተካል፣ ንጹህ አልኮል ደግሞ እዛው ከፍታ ላይ 70 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ስለዚ አረቄውን ምድጃ ላይ እያለ ከጨመርሽው ቀድሞ የሚተነው እሱ ነው፣ እንፋሎቱ አፍንጫ ይሰነፍጣል የቀረው ውሃ ውሃ ይላል፣ አጠገቡ እሳት ስላለም አደጋ ነው። ማርም ሲንተከተክ የአበባ ሽታው ይጠፋል። ስትቀጂ የሻይ ብርጭቆው ውስጥ መጀመሪያ ማንኪያ ጣል አርጊበት፣ ብርዱ ያቀዘቀዘው ብርጭቆ ትኩስ ሲገባበት ሊሰነጠቅ ይችላል።

አረቄ የማይወድ ካለ ቀይ ወይን በቅመም ሞቆ በጣም ጥሩ ነው፣ የፈረንጅ አገር ሰው ለገናው የሚጠጣው ይሄንኑ ነው። አንድ ጠርሙስ ደረቅ ቀይ ወይን፣ ጉደርም ይሁን ሌላ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይ ማር፣ ቀረፋ፣ 4 ቅርንፉድ፣ 3 ፍሬ ሄል ፈንከት ፈንከት አርገሽ፣ እና የብርቱካን ልጣጭ፣ ነጩ ሽፋን ሳይነካ የላይኛው ብቻ ምክንያቱም ነጩ ይመርራል። እሳቱ ለስለስ ይበል። የድስቱ ዳር ዳሩ ጥቃቅን አረፋ መያዝ ሲጀምርና ጭሱ መነሳት ሲጀምር በቃ አውርጂው፣ ከድነሽ 20 ደቂቃ ይቆይ፣ ሲቀዳ እንደገና ማሞቅ ይቻላል። ውድ ወይን ለዚ ማባከን አያስፈልግም፣ ቅመሙ ይሸፍነዋል።

አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ከህዳር 15 ጀምሮ የፆመ፣ ሌሊቱን ቅዳሴ ላይ ቆሞ ያደረ ሰው ቤት እንደገባ መለኪያ አታስይዢው። ባዶ ሆድ አልኮልን በጣም ቶሎ ነው ወደ ደም የሚያሳልፈው። እናቶቻችን ተልባ የሚያስቀድሙት ለሆድ አስበው ነው፣ ተልባው ይቅረብ፣ እንጀራው ይቆረስ፣ መጠጡ ከዛ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከሸዋ ሮቢት። እኛ ጋ ለጥምቀት ሙቀት ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሁሌ የምንሰራው ቱርቦ ነው፣ ቢራና ነጭ ወይን በስፕራይት፣ ወይ ደግሞ ቀይ ወይን በኮካ። ጥሩ ነው ግን ጠዋት ራስ ምታቱ አይቻልም። የተሻለ ነገር አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የራስ ምታቱ ዋና ምክንያት ብዛቱ ነው። ለስላሳው አልኮሉን ይደብቀዋል፣ ስለዚ ሰው የሚጠጣው እንደ ለስላሳ እየመሰለው ነው፣ ቢራው 5 ፐርሰንት ወይኑ 12 ፐርሰንት አካባቢ ሆኖ በጆግ ሲቀዳ ማን ስንት እንደጠጣ አይታወቅም። በዛ ላይ አልኮል ሽንት ያበዛል፣ በናንተ ሙቀት ደግሞ ላብ ይጨመርበታል፣ ሰውነት ውሃ ያልቅበታል። እና መጀመሪያ የምልህ በየመሀሉ አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው፣ ቀላል ይመስላል ግን የጠዋቱን ነገር ሊያቀለው ይችላል።

የተሻለ ካልክ ጠጅ ሞክር። ሁለት እጅ ጠጅ፣ አንድ እጅ አሁን የተጨመቀ ብርቱካን፣ ከላዩ አንድ እጅ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ፣ ሩብ ሎሚ ጨምቅበት። ጠጁ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳር የሚባል አይገባም፣ ብርዝ ብርዝ የሚል ለጋ ጠጅ ከሆነ ደግሞ ሎሚውን ጨመር አርገው። የብርቱካኑን ልጣጭ ቁራጭ ይዘህ ብርጭቆው አፍ ላይ እጥፍ አርገህ ጨምቀው፣ ብርሃን ላይ ካየኸው ከልጣጩ የሚረጨው ዘይት እንደ ጉም ይታያል፣ ያቺ ጠብታ ናት መዓዛውን የምትለውጠው። አምቦ የገባበትን ነገር ግን ብልቃጥ ውስጥ ከተህ እንዳትነቀንቅ፣ ይፈነዳል፣ ሌላው ተነቅንቆ ካለቀ በኋላ ነው አምቦው የሚፈስበት።

ስለ በረዶም ልንገርህ፣ ብዙ ሰው ለቅዝቃዜ ብቻ ይመስለዋል። በረዶ ሲነቀነቅ ይቀልጣል፣ የሚቀልጠው ውሃ የመጠጡ አካል ነው፣ ተነቅንቆ ያለቀ ኮክቴል ላይ ወደ ሩብ የሚጠጋው ከበረዶ የመጣ ውሃ ነው። ለዛ ነው ያለ በረዶ ሲሰራ የሚያቃጥለው። በረዶ ከሌለህ ቀዝቃዛ ውሃ ራስህ ጨምርበት፣ ለአንድ መለኪያ አረቄ ግማሽ መለኪያ ውሃ አይበዛም። በረዶውን ፈልቶ ከቀዘቀዘ ውሃ ስራው። ከበዓሉ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ሽቅብ የሚነዳ ካለ ደግሞ ለሱ አትቅዳለት፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ምንም ያልጠጣ ሰው እንኳን መንገዱ አይታየውም።

ጥያቄ፦ ከሞላሌ የምጽፍላችሁ አባት ነኝ። ልጆቼ ለበዓል አረቄ ከጭማቂ ጋር እንቀላቅላለን ይላሉ። እኔ የሚያሳስበኝ አረቄው ነው፣ በየቦታው የሚሸጠው ሁሉ አይታመንም። ክብሪት ጭረን ሲነድ አይተን ነው ጥሩ ነው የምንለው። ይሄ በቂ ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን ጥያቄ ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል ምክንያቱም ህይወት ነው። ክብሪቱ የሚነግርዎ መጠጡ ብርቱ መሆኑን ብቻ ነው። መርዘኛው ሜታኖልም ይነዳል፣ እሳቱ እንዲያውም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፣ በጠረኑም በጣዕሙም ከደህናው አልኮል አይለይም። ከእህል በደንብ የወጣ አረቄ ውስጥ ሜታኖል ጥቂት ነው፣ ያወቁበት አውጪዎችም መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን አይሸጡትም፣ ትልቁ አደጋ ለመጠጥ ያልተሰራ የፋብሪካ አልኮል እየቀላቀለ የሚሸጥ ሲኖር ነው። ስለዚ ፈተናው ሰውየው ነው፣ ማን አወጣው፣ የት አወጣው፣ እሱ ራሱ ይጠጣዋል ወይ። ካላወቁ የታሸገ ከፋብሪካ የወጣ ይግዙ፣ ጂንም ቢሆን ኡዞም ቢሆን ከሎሚና ከማር ጋር ይሄዳል።

ጭማቂ ደግሞ መርዙን አያጠፋውም፣ ጣዕሙን ነው የሚሸፍነው፣ ይሄን ለልጆቹ ይንገሩልኝ። ከጠጣ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ፣ አይኔ ደበዘዘ፣ ጭጋግ መሰለኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ የሚል ሰው ካለ ተኝቶ ይለፍለት ሳይባል ወዲያው ሀኪም ቤት ይወሰድ፣ አይን የሚጠፋው በመዘግየት ነው። ሌላው፣ ተራው አረቄና ዳግሙ፣ ሁለተኛ ጊዜ የወጣው ማለት ነው፣ አንድ አይደሉም፣ ተራው 35 ፐርሰንት ዳግሙ 45 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ልጆቹ በዳግም የሚሰሩ ከሆነ መለኪያውን ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ከአጣዬ ነኝ። ለገና ሙስሊም ጎረቤቶቼም ይመጣሉ፣ ምራቴ ነፍሰጡር ናት፣ ልጆች አሉ። ለነሱ ሁሌ ለስላሳ ብቻ ማቅረብ ደስ አይለኝም፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ እውነትሽን ነው እናቴ፣ የማይጠጣ እንግዳም እንደ እንግዳ መከበር አለበት፣ ሌላው በብርሌ ሲቀዳለት እሱ ጠርሙስ ተወርውሮለት መቀመጥ የለበትም። ብርዝ ስሪ። አንድ እጅ ማር ለ4 እጅ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ በደንብ ይማሰል፣ በንጹህ ጨርቅ ይጠለል። ጌሾ የሚባል አይነካውም፣ ጠጅ የነበረበት እቃ ውስጥም አይግባ፣ እቃው ላይ የቀረው እርሾ በናንተ ሙቀት ቶሎ ያስነሳዋል፣ የዛኑ ቀን በመስታወት ጆግ ተሰርቶ የዛኑ ቀን ይለቅ። ይሄን ለጎረቤቶችሽ በግልጽ ንገሪያቸው፣ ዛሬ ጠዋት የበረዝኩት ነው ብለሽ፣ ልባቸው አርፎ ይጠጣሉ። ከዛ በብርሌው ቅጂና ሎሚ፣ የዝንጅብል ጭማቂና ናና ጨምሪበት፣ አምቦ ጠብ ሲልበት ደግሞ ከየትኛውም ኮክቴል አያንስም።

ለምራትሽ አልኮል ጠብታም ቢሆን ይቅር፣ በርግዝና ወቅት ይሄን ያህል ችግር የለውም የሚባል መጠን የለም። ለመዓዛ ብለሽ ጤና አዳም እንዳትጨምሪላት፣ ለነፍሰጡር ጥሩ አይደለም። አንድ አመት ላልሞላው ህጻን ደግሞ ብርዝም ማርም አይሰጥም፣ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ባክቴሪያ የህጻን አንጀት ውስጥ ሊያድግና ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ጥያቄ፦ ከአንኮበር። በዓሉ ቀን ማጀት ቆሜ መዋል አልፈልግም፣ ዋዜማውን ቀላቅዬ ማሳደር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ሁሉም አይደለም። አረቄውና የማር ውሃው በጠርሙስ አንድ ላይ ቢያድሩ ምንም አይሆኑም፣ እንደውም ይዋሃዳሉ፣ በረዶ ስለማትጠቀሚም ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ የሚሆን ውሃ አሁኑኑ ጨምሪበት። ቅመሙንም አፍልተሽ አጥልለሽ አሳድሪው፣ ቅርንፉዱ ግን ውስጡ አይደር። ሎሚና ብርቱካን ግን ሊቀዳ ሲል ነው የሚጨመቀው፣ ያደረ የሎሚ ጭማቂ መራራ ይሆናል። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙዪው፣ አንኮበር ሌሊት ውጪ ማሳደር ፍሪጅ ነው፣ አረቄ ያለበት ቶሎ አይረጋም፣ የቅመሙ ውሃ ግን በረዶ ሰርቶ ጠርሙስ ሊሰነጥቅ ስለሚችል እሱ ቤት ውስጥ ይደር።