ለማስተማር ልምምድ ለሚወጡ ዕጩ መምህራን፦ ጥያቄና መልስ

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብ በማስተምርባቸው ዓመታት ለልምምድ የሚመጡ ዕጩ መምህራንን በክፍሌ እቀበል ነበር፤ ከዚያ በኋላም በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ውስጥ በየትምህርት ቤቱ እየተዘዋወርኩ ሠልጣኞችን የምገመግም አሠልጣኝ ሆኛለሁ። በቅርቡ ለልምምድ የሚወጡ ሠልጣኞች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። የሳምንታቱ ብዛትና የነጥብ አከፋፈሉ ከተቋም ተቋም ስለሚለያይ፣ በእነዚህ ሁለት ጉዳዮች ላይ የየተቋማችሁን የልምምድ መመሪያ እንድታነቡ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ በዲፕሎማ ኮሌጅ ገብታ ልምምድ ገና ከጅምሩ ጀምራለች። እኔንም ይመለከተኛል?

መልስ፦ ይመለከትዎታል፤ መንገዱ ግን ይለያያል። ጓደኛዎ የምትሠለጥነው ለታችኞቹ ክፍሎች ስለሆነ ልምምዷ በሥልጠናው ዓመታት ውስጥ ተከፋፍሎ ይሰጣታል፦ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱንና ክፍሉን መታዘብ፣ ቀጥሎ መምህሩን ማገዝ፣ በመጨረሻም ራሷን ችላ ማስተማር። ይህ አከፋፈል ሥር የሰደደው በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ላይ በዋለውና በተለምዶ ቴሶ እየተባለ በሚጠራው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ልምምዱ ወደ ሥልጠናው ማብቂያ ተገፍቶ ለአጭር ጊዜ ይሰጥ ስለነበር፣ ሠልጣኙ ድክመቱን ባወቀ ማግስት ይመረቅ ነበር። እርስዎ የትምህርት ዓይነቱን ዕውቀት በዲግሪ ስለያዙ የሚጠበቅብዎት ፒጂዲቲ የሚባለው የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ነው፤ በመደበኛው መርሐ ግብር የአንድ ዓመት ያህል ጊዜ ይወስዳል፣ በሥራ ላይ ላሉ ደግሞ በክረምት ይሰጣል። የማስተማር ልምምድና ተግባራዊ ምርምር የሥልጠናው አካል ናቸው። የተመረቁት በ2015 ዓ.ም. ወይም ከዚያ ወዲህ ከሆነ የመውጫ ፈተናውን ያለፉበትን ማስረጃም አስቀድመው ያዘጋጁ።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ባደግኩበት ከተማ፣ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ልምምዴን ልሥራ ብል ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ ማመልከት ይችላሉ፤ ምደባውን የሚወስነው ግን ተቋሙ ነው። ተቋሙ ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጽፎ፣ ትምህርት ቤቶቹ ስንት ሠልጣኝ መቀበል እንደሚችሉ ካረጋገጠ በኋላ ይመድባል። አንድ ገምጋሚ በአንድ ቀን ከሁለት ሦስት ሠልጣኝ በላይ ማየት ስለሚኖርበት ሠልጣኞች ብዙውን ጊዜ በአንድ የጉድኝት ማዕከል (የተቀራረቡ ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚሠሩበት ማዕከል) ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ብቻዎን ሩቅ ቦታ ከሄዱ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት፣ የሚጎበኝዎት አይኖርምና። በተማሩበት ትምህርት ቤት መመደብን በተመለከተ የግል አስተያየቴን ከጠየቁኝ አልመክርም። ያስተማሩዎት መምህራን እንደ ልጃቸው ስለሚያዩዎት ስሕተትዎን ለመንገር ይሳሳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና ስላለባቸው ትምህርት ቤቶች እነዚህን ክፍሎች ለሠልጣኝ ማስረከብ አይወዱም። 7ኛ ወይም 9ኛ ክፍል ቢሰጥዎት እንደ ንቀት አይውሰዱት።

ጥያቄ፦ በምልከታው ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ዝም ብለን እንድናይ ተነገረን። ምን እንደምጽፍ ስለማላውቅ «መምህሩ ጥሩ አስተማረ፣ ተማሪዎቹም በንቃት ተከታተሉ» ብዬ አስረከብኩ። ተመለሰልኝ።

መልስ፦ መመለሱ ተገቢ ነው፤ የጻፉት ፍርድ እንጂ ምልከታ አይደለም። የሚያዩትን በደቂቃ ይመዝግቡ፦ መምህሩ በስንተኛው ደቂቃ ስም ጠርቶ ጨረሰ፣ ስንት ጥያቄ ጠየቀ፣ ከጥያቄዎቹ ስንቶቹ «አይደለም ወይ?» ተብለው በጅምላ «ነው!» የተመለሱ ናቸው፣ የመለሱት ልጆች የት ነው የተቀመጡት? የክፍሉን የአቀማመጥ ንድፍ በወረቀት ላይ ይሥሩና በመለሰው ልጅ ቦታ ላይ ጭረት ያድርጉ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ጭረቶቹ ከፊት በሁለት ረድፍ ላይ ተከማችተው የኋላው ሜዳ ባዶ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ በመማሪያ መጽሐፍ እጥረት ምክንያት አንዱን መጽሐፍ ለአራት የሚጠቀሙት የት እንዳሉም በዚያው ይታይዎታል። ይህን ሲያደርጉ መምህሩን ለመክሰስ እንዳልመጡ አስቀድመው ይንገሩት፣ ማስታወሻዎንም ከጠየቀዎት ያሳዩት።

ጥያቄ፦ የዕለት ዕቅዴ ላይ ዓላማውን «ተማሪዎች ስለ ክፍልፋይ ድምር ይረዳሉ» ብዬ ጻፍኩ፤ አሠልጣኛችን በቀይ ሰረዙት። ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ?

መልስ፦ መረዳትን በዓይን ማየት አይቻልም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ዓላማው መሳካቱን በምን ያውቃሉ? «ተማሪዎች ታሕታቸው የሚለያይ ሁለት ክፍልፋዮችን ደምረው ውጤቱን በሥዕል ያረጋግጣሉ» ቢሉ ግን ደብተር ከፍተው ማየት ይችላሉ። ዓላማው እንዲህ ሲስተካከል የተቀረው ዕቅድ ራሱ ይከተላል፤ መልመጃው ምን መሆን እንዳለበት፣ ምን ዓይነት የማስተማሪያ መርጃ እንደሚያስፈልግ፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ምን ተጠይቆ እንደሚመዘን ዓላማው ይነግርዎታል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቹ የሚሳሳቱትን አስቀድመው ይገምቱ። በዚህ ርእስ የተለመደው ስሕተት አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛን ሁለት አምስተኛ ማለት ነው፤ ልጁ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ ነው። አብዛኛው ሠልጣኝ «ስሕተት ነው፣ ሌላ ሰው?» ብሎ ያልፋል። እርስዎ ግን ሁለት እኩል ርዝመት ያላቸው ቁራጭ ወረቀቶች ይያዙ፤ አንዱን ለሁለት፣ ሌላውን ለአምስት አጥፈው ሁለት አምስተኛው ከግማሹ እንደሚያንስ ለልጁ ያሳዩት። ግማሽ ላይ ሌላ ነገር ጨምሮ ከግማሽ ያነሰ ነገር ማግኘቱን ሲያይ ራሱ ይደነግጣል፤ ያን ጊዜ የጋራ ታሕት መፈለግ ለምን እንዳስፈለገ መስማት ይፈልጋል። በዕቅድ ቅጹ ላይ «የመምህሩ ተግባር» እና «የተማሪው ተግባር» የሚሉት ዓምዶች የተለያዩት ለዚህ ነው። በተማሪው ዓምድ ሥር ከላይ እስከ ታች «ያዳምጣሉ፣ ይጽፋሉ» ብቻ ከተደረደረ ዕቅዱ ገና አላለቀም።

ጥያቄ፦ አማካሪ መምህሬ በሁለተኛው ቀን ክፍለ ጊዜያቸውን በሙሉ ለእኔ ሰጥተው ከትምህርት ቤቱ ጠፉ። ማርክ ሊስት እንድሞላም አዘውኛል። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ፈራሁ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ክፍሉ በኃላፊነት የተሰጠው ለእሳቸው ነው፤ በልጆቹ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ወይም ውጤት ቢዛባ ተጠያቂ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው፣ እርስዎ ግን ያለ መካሪ ይቀራሉ። ሆኖም በቀጥታ ወደ ርእሰ መምህሩ አይሂዱ፤ ቂም ያተርፋሉ። መጀመሪያ ለአማካሪዎ በአክብሮት፣ «በሳምንት ሁለቱን ክፍለ ጊዜ ቢያዩልኝና ቢያርሙኝ፣ የሚያዩበት የምልከታ ቅጽም ይኸው» ብለው ወረቀቱን በእጃቸው ይስጡ። ብዙዎቹ መምህራን የሚጠፉት በክፋት ሳይሆን፣ አማካሪነቱ በሙሉ የማስተማር ጭነት ላይ ያለ ክፍያ ወይም ያለ እፎይታ ስለሚጨመርባቸው ነው፤ ይህ የሥርዓቱ ጉድለት ነው፣ እኔም በዚያ ወንበር ሳለሁ ተሰምቶኛል። ይህ ካልሠራ ለትምህርት ክፍሉ ተጠሪ፣ ቀጥሎ ለተቋምዎ የልምምድ አስተባባሪ ያሳውቁ። የሞሉትን ውጤት ሁሉ አማካሪዎ ሳይፈርሙበት ወደ ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ መዝገብ) እንዲገባ አይፍቀዱ።

ጥያቄ፦ ነጥቡ የሚሰጠው ገምጋሚው በመጣበት ቀን ብቻ ነው ይባላል። ለዚያ ቀን እንዴት ልዘጋጅ?

መልስ፦ ጉብኝቱ ከነጥቡ አንዱ ክፍል ነው፤ የአማካሪ መምህሩ ግምገማ፣ የዕቅዶችዎና የምልከታዎችዎ ማኅደር፣ ከየክፍለ ጊዜው በኋላ የሚጽፉት የራስ ግምገማም ይቆጠራሉ። ለጉብኝቱ ቀን ትያትር አያዘጋጁ። ልጆቹን «የምታውቁ ቀኝ እጃችሁን፣ የማታውቁ ግራ እጃችሁን አውጡ» ብሎ ያሰለጠነ ሠልጣኝ ገጥሞኝ ያውቃል፤ ጥያቄ በተጠየቀ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ እጅ ያወጣል፣ እሱ ግን ቀኝ ያወጣውን ብቻ ይጠራል። ዘዴው በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተነቃ። እኔ የምፈልገው ከክፍለ ጊዜው በኋላ በምናደርገው ውይይት «ያቺ ከመስኮቱ አጠገብ ያለችው ልጅ ሁለት አምስተኛ ብላ ጽፋ አየኋት፣ ነገ ከእሷ እጀምራለሁ» የሚለኝን ሠልጣኝ ነው። ትምህርቱ ባይሳካለትም እንዲህ ያለው ሠልጣኝ ከእኔ ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ሁሉም ገምጋሚ እንደ እኔ ነው ለማለት ግን አልደፍርም፤ ከመምህሩ አለባበስና ከሰሌዳ አከፋፈል የሚጀምሩም አሉ፤ ስለዚህ ጋዋንዎን ይልበሱ፣ ሰሌዳውንም በአግባቡ ከፍለው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ ከ70 በላይ ተማሪዎች አሉ፤ ይንጫጫሉ። አማካሪዬ «ያለ አርጩሜ አይሆንልሽም» አሉኝ።

መልስ፦ አርጩሜውን አይንኩ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ አማካሪዎ ቢያዝዎትም ኃላፊነቱ ከእርስዎ አይወርድም። ማንበርከክና ጆሮ መቆንጠጥም ያው ነው።

ለመሆኑ ጫጫታው የሚነሳው መቼ ነው? እኔ እንደታዘብኩት ብዙውን ጊዜ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ረጅም ማስታወሻ በሚጽፍበት ጊዜ ነው። ማስታወሻውን ያሳጥሩ፤ በሚጽፉበት ጊዜ ልጆቹ የሚሠሩት አንድ ጥያቄ አስቀድመው ይስጡ። በመጀመሪያው ሳምንት የሃያ ልጆችን ስም ይያዙ፤ በተለይ ከኋላ የሚቀመጡትን። «አንተ ከኋላ ያለኸው» ከማለት ይልቅ በስሙ የተጠራ ልጅ ቶሎ ይመለሳል። የቡድን ሥራ ሲሰጡ ደግሞ ባለሦስት መቀመጫውን ዴስክ ከማንቀሳቀስ ይልቅ የፊተኞቹ ወደ ኋላ እንዲዞሩ ያድርጉ፤ ስድስት ልጅ ያለው ቡድን ያለ ግርግር ይፈጠራል። የሁለተኛ ደረጃው መስፈርት በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው፤ እርስዎ የሚገኙት ከመስፈርቱ ውጭ በሆነ ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ለ40 ተማሪ የተጻፈ ዘዴ ሳይሠራልዎት ሲቀር ራስዎን አይውቀሱ።

ጥያቄ፦ 9ኛ ክፍል ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ነው የማስተምረው፤ ልጆቹ ግን እስከ 8ኛ በአማርኛ የተማሩ ስለሆኑ አይገባቸውም። በአማርኛ ልድገምላቸው?

መልስ፦ ይድገሙላቸው፤ ነገር ግን ሙሉ ትምህርቱን ተርጉመው በእንግሊዝኛ ማስታወሻ ብቻ አይጨርሱ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና። በየክፍለ ጊዜው አምስት ወይም ስድስት ቁልፍ ቃላት በሰሌዳው ጥግ ይጻፉ፣ በአማርኛ ያብራሩ፣ ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው ቃላቱን በአጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዲጠቀሙባቸው ያድርጉ። ገምጋሚ ሲመጣ በእንግሊዝኛ ብቻ ማውራት የሚጀምሩ ሠልጣኞች አሉ፤ የልጆቹ ፊት ወዲያው ያጋልጣቸዋል።

ጥያቄ፦ በግል ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ልምምዱ ሊቀርልኝ ይችላል?

መልስ፦ አይመስለኝም፤ ልምምዱ ነጥብ የሚያዝበት ኮርስ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎን ለቅጥር ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ከተመረቅኩ በኋላስ ሙሉ መምህር እባላለሁ?

መልስ፦ በደረጃ እድገቱ መሠረት የሚጀምሩት ከጀማሪ መምህርነት ነው፤ ከዚያ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ወደ ላይ ይቀጥላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሙያ ትውውቅ ጊዜ ናቸው፤ ዳግም አማካሪ ይመደብልዎታል፣ ዕቅድና የራስ ግምገማም ያቀርባሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ይጠበቅብዎታል። የሙያ ፈቃድ ለማግኘትም የጽሑፍ ፈተናና የማኅደረ ተግባር (የሥራ ማስረጃዎች ስብስብ) ምዘና አለ። ስለዚህ የልምምድ ማኅደርዎን አይጣሉት፤ በጀማሪነት ዓመትዎ የመጀመሪያ ዕቅዶችዎን የሚያወጡት ከእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰኞ እንጀምራለን። ምን ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ የተቋሙን ደብዳቤ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ጋር፣ ጋዋን፣ አንዱ ለዕቅድ ሌላው ለምልከታ የሚሆኑ ሁለት ደብተሮች፣ የክፍሉን የመማሪያ መጽሐፍና ከተገኘ የመምህሩን መምሪያ ይያዙ። ጠመኔ ትምህርት ቤቱ ይሰጥዎታል፤ ግን በሁለተኛው ፈረቃ ብዙ ጊዜ ስለሚያልቅ ጥቂት በኪስዎ ይኑርዎት። ከሰንደቅ ዓላማው ሥነ ሥርዓት በፊት ይድረሱ፤ ርእሰ መምህሩን የሚያገኙት ያኔ ነው፣ ከዚያ በኋላ ወረዳ ስብሰባ ሊሄዱ ይችላሉ።