በቅሎ አትወልድም፤ ድቅል ወፍስ?

ስለ ሞቃታማ ደን ወፎች ከጠየቃችሁኝ የተወሰኑትን እነሆ። «ዲቃላ» ሰው ላይ ሲወረወር የሚያቆስል ቃል ስለሆነ «ድቅል» እላለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በቅሎ መካን ናት። የሁለት ዝርያ ወፎች ጫጩትስ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደለም። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም (በሕዋስ ውስጥ ዘረመልን የያዘ ክር) አላቸው፤ በቅሎ 63 ይዛ ስለምትቀር ጥንዱ አይገጥምላትም። የሚቀራረቡ የወፍ ዝርያዎች ግን ድቅሎቻቸው ዘር ሊተኩ ይችላሉ። መካንነት ከመጣም ቀድሞ የሚያገኘው ሴቷን ነው፤ በወፎች ዘንድ ሁለት ዓይነት የፆታ ክሮሞዞም ያላት እሷ ናትና።

ጥያቄ፦ ከመዳቀል አዲስ ዝርያ ተወልዶ ያውቃል?

መልስ፦ አዎ! ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ የማነሣው የብራዚሉን ማናኪን ነው። ማናኪኖች የአማዞን ደን ትንንሽ ወፎች ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ወንዱ አናቱ ወርቃማ ቢጫ የሆነው፣ በ1957 ታውቆ እስከ 2002 ድረስ ከተመራማሪዎች ዓይን ጠፍቶ ነበር። በኋላ ዘረመሉ ሲመረመር 80 በመቶ ገደማው ከአንድ ጎረቤት ዝርያ፣ 20 በመቶ ገደማው ከሌላ ጎረቤት ዝርያ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ውህደቱ የተፈጸመው ከ180,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የአንዱ ወላጅ አናት እንደ በረዶ ነጭ ነው፤ የሌላው ያብረቀርቃል። ሁለቱንም ውበት የሚሰጠው የላባው ውስጣዊ አሠራር ነው፤ ሲቀላቀል ግን ድምቀቱ ይጠፋል። ሴቶቹ ደግሞ የሚመርጡት የደመቀውን ወንድ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ ቢጫው ቀለም ኋላ የመጣው የጠፋውን ድምቀት ለመተካት ነው። ወላጆቹ ጋር ተመልሶ እንዳይቀላቀል ደግሞ ሰፋፊዎቹ ወንዞች አጠሩት።

ጥያቄ፦ የሚዳቀሉ ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ድቅሎቹ ሁለቱ ወገኖች በሚገናኙበት ጠባብ ወሰን ብቻ ከታዩ፣ ከዚያ ውጭ ወገኖቹ መልካቸውንና ድምፃቸውን ጠብቀው ከኖሩ፣ ሁለት ዝርያ ናቸው።

ጥያቄ፦ በእኛ አገርስ?

መልስ፦ ደቡብ ኢትዮጵያ የሩስፖሊ ቱራኮ የሚባል ወፍ አለ፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ናሙናውን የሰበሰበው ጣሊያናዊው ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በ1893 ዝሆን ገደለው፤ ወፉን የት እንዳገኘው ሳይታወቅ ቀረ። ወፉ ስሙን ያገኘው በ1896 ነው። ዛሬ ነገሌ ቦረና አካባቢ ይታያል፤ በስፋት ከሚገኘው ባለ ነጭ ጉንጭ ቱራኮ ጋርም ይዳቀላል። የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ጥቂቱ በብዙው ውስጥ ሊዋጥ ይችላል፤ እንደ አማዞኑ የሚያጥረው ወንዝ የለውም። በዚያ በኩል የምታልፉ ፎቶ ስታነሡ ቁንጮው በደንብ ይታይ፦ የሩስፖሊው ነጣ ያለ፣ የሌላው ጥቁር ሰማያዊ ነው። መካከለኛ መልክ ያለው ካጋጠማችሁ ቦታውንና ቀኑን መዝግባችሁ ላኩልኝ።