ወደ ፓሪያ ሸለቆ ለምትወርዱ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የዩታንና የአሪዞናን ድንበር አቋርጦ የሚያልፈውን የፓሪያ ሸለቆ በእግራችሁ ልትወርዱ ላሰባችሁ ነው። ከላይ ዋይት ሃውስ ከሚባለው የእግር መንገድ መነሻ እስከ ታችኛው መውጫ ሊስ ፌሪ 61 ኪሎ ሜትር ነው፤ አራት ቀን ያዙለት። በሦስት ቀን የሚጨርሱ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ውሃና አሸዋ እያቋረጣችሁ በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጥሩ ሄዳችኋል።

በረሃ ሲባል ሰው ሁሉ የሚፈራው ጥሙን ነው። ፓሪያ ላይ አስቀድማችሁ የምትፈሩት ጎርፉን ይሁን። ከመነሻው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ሁለቱ ግድግዳዎች ይጠጋጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ለረጅም መንገድ ወደ ጎን መውጫ የለም። ቀና ብላችሁ ስታዩ ከራሳችሁ በላይ ብዙ ሜትር ከፍ ብሎ በግድግዳዎቹ መካከል የተቀረቀረ ግንድ ታያላችሁ። እዚያ ያደረሰው ውሃው ነው።

ሸለቆው ውስጥ የሚወርደው የፓሪያ ወንዝ የሚነሳው በስተሰሜን፣ ከብራይስ ካንየን አካባቢ ደጋ ነው። እዚያ የጣለ ዝናብ እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ከተፍ ይላል። ስለዚህ በአቅራቢያችሁ ያለችውን የፔጅ ከተማን የአየር ትንበያ ብቻ አይታችሁ እንዳትጽናኑ፤ የብራይስንና አጠገቡ ያለችውን የትሮፒክ ከተማን እዩ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1997 ፔጅ አጠገብ ባለው አንቴሎፕ ካንየን 11 ጎብኚዎች የሞቱት ከላይ በጣለ ዝናብ ነው። ድሬዳዋን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ያጥለቀለቃትና ከ200 ሰው በላይ የፈጀው ደራሽ ውሃም ከላይ ከደጋው ነው የወረደው። ደረቅ የወንዝ መሄጃ ደረቅ ስለሆነ አይታመንም።

ሐምሌና ነሐሴ አትግቡ። የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ያ በረሃም እንደኛው አገር ክረምት ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይጠቁርና ያወርደዋል። ግንቦት ጥሩ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ደግሞ ይሻላል። በሚያዝያ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐይ በማይገባበት ጠባብ ውስጥ ሰዓታት ስትውሉ ከሙቀት ይልቅ ብርዱ ያንቀጠቅጣችኋል።

አቅጣጫችሁ ከዋይት ሃውስ ወደ ሊስ ፌሪ ይሁን። እንዲያ ስትሄዱ ጠባቡ ክፍል መጀመሪያ ላይ ስለሚገኝ በመነሻው ያያችሁት ትንበያ ሳያረጅ ታልፉታላችሁ። ከታች ብትነሱ ጠባቡ ጋ የምትደርሱት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያኔ ትንበያው ያለፈበት ነው፣ ስልክም አይሠራም።

ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ያዘለ አረፋ ከመጣ፣ ወይም ከላይ እንደ መኪና ጉምጉምታ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ ውጡ። እሮጣለሁ አትበሉ። ቦርሳውን ለማዳን አትድከሙ። ያገኛችሁት ከፍታ ላይ ውጡና ውሃው እስኪጎድል ተቀመጡ፤ እዚያው ሊመሽባችሁ ወይም ሊነጋባችሁ ይችላል። የአንድ ቀን ትርፍ ምግብ የሚያዘው ለዚህ ነው። ድንኳን ስትተክሉም አሸዋው ላይ የቀረውን የጭራሮ መስመር ፈልጉ፤ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበት ልክ ስለሆነ ከሱ በላይ እደሩ።

አሁን ወደ እግራችሁ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ጉዞው የሚበላሽበት እግሩ ላይ ነውና። በቀን ውስጥ ወንዙን ደጋግማችሁ ስለምታቋርጡ እግራችሁ እርጥብ ሆኖ ነው የሚውለው። ውሃ አያስገባም ተብሎ የሚሸጠው ውድ ጫማ እዚህ ጠላት ነው፤ ከላይ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ወንፊት መሰል ጨርቅ ያለው፣ ሶሉ ጠንካራ የሆነ ተራ የሩጫ ጫማ ይበልጣል። የራሰ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ካልሲ ውስጥ የገባው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራል። በየሁለት ሰዓቱ ጫማ አውልቃችሁ አሸዋውን እጠቡ፤ መቅላት የጀመረውን ቦታ ሳይቆስል በፕላስተር ሸፍኑት። አንድ ጥንድ የሱፍ ካልሲ በፕላስቲክ ታሽጎ ለማታ ብቻ ይቀመጥ። ቦርሳውን ከውስጥ በወፍራም የቆሻሻ ከረጢት አልብሱት።

ዱላ ያዙ፤ ጥልቀቱንና የሚያሰምጠውን አሸዋ የምትለዩት በሱ ነው። እግር ከሰመጠ ጎትቶ ማውጣት አይሆንም፤ በጎተታችሁት ቁጥር አሸዋው ይጨመድደዋል። የቦርሳውን ቀበቶ ፍቱ፣ ወደ ኋላ ዘንበል በሉ፣ እግራችሁን ዙሪያው ውሃ እስኪገባ ቀስ እያላችሁ አወዛውዙ።

የወንዙ ውሃ ጭቃ ነው፤ ማጣሪያችሁ ወዲያው ይደፈናል፤ ላይኛው ተፋሰስ ደግሞ ከብት የሚውልበት ነው። ከምንጭ ቅዱ። ቢግ ስፕሪንግ 19ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የመጨረሻው አስተማማኝ ምንጭ 40ኛው አካባቢ። ከዚያ ሸለቆው ይሰፋል፣ ጥላው ያልቃል፣ እስከ ሊስ ፌሪ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራችኋል። እያንዳንዳችሁ አምስት ሊትር ሞልታችሁ ጎህ ሲቀድ ተነሱ።

ስትጠጡ ብሉ። ውሃ ብቻ ሲግት የዋለ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥንበታል፤ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ግራ ይጋባል። ጓደኞቹ ውሃ የጠማው መስሏቸው ይጨምሩለትና ያብሱታል። በጨው የተቆላ ቆሎና ቋንጣ፣ ለማታ ደግሞ በሶ ያዙ፤ በሶ እሳት አይፈልግም፣ እሳት ማንደድ እዚያ ክልክል ነው።

ለአዳር ፈቃድ የሚሰጠው በቀን ለ20 ሰው ብቻ ነው፤ አንድ ቡድን ከ10 አይበልጥም፤ ወራት ቀድማችሁ ጠይቁ። ዓይነ ምድራችሁን በተዘጋጀለት ከረጢት ይዛችሁ ትወጣላችሁ፤ አትሳቁ፣ ሸለቆው ጠባብ ነው።

በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ያዙ፤ ግድግዳው ሰማዩን ስለሚጋርድ መልእክቱ ቶሎ ላይሄድ ይችላል። ስለዚህ ቤት ለሚቀር አንድ ሰው የመውጫችሁን ቀንና ሰዓት፣ የመኪናዋን ታርጋና የአካባቢውን ሸሪፍ (የፖሊስ አዛዥ) ስልክ ቁጥር ጽፋችሁ ስጡ፤ መቼ መደወል እንዳለበትም ተስማሙ። መነሻና መድረሻው በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይራራቃሉ፤ አንዷን መኪና አስቀድማችሁ ሊስ ፌሪ አቁሟት፣ ውስጧ ውሃ ተዉ፣ ቁልፉንም በሁለት ሰው ቦርሳ ከፋፍላችሁ ያዙ።